ቁልፍ ሳይሰቀል አይቀዳም

ለማፈቅርህና ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ሥራውስ? ሙቀቱስ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ትንሽ ጉልበቷን ያማታል፤ እሱም ሰው ሲያያት ነው የሚብሰው። ባለቤቴ ደህና ነው። ልጄም የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሳቋ ከመክፋቱ በቀር ደህና ናት። ናፍቆትህ ብቻ ነው ያላስቀመጠን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለእማዬ ሳነብላት ግን አንዱን አንቀጽ ዘልዬዋለሁ፤ የትኛውን እንደሆነ አታጣውም። «እሰይ፣ ይዘጋ! እዚያ ቤት መጠጥ እስከተሸጠ ድረስ እግሬ አይረግጠውም» ያልከውን ነው። እሷ ደግሞ በዋዛ የምትታለል ሴት አይደለችም። ፊቴን አየት አድርጋ «ያው የድሮው ነገር ነው?» አለችኝ። ወረቀቱን አጠፍኩት። እሷም የያዘችውን ቀሚስ ጠርዝ መዘምዘሟን ቀጠለች። ቀሚስ መዘምዘም ከየት መጣ ትለኝ ይሆናል። ሰው ነገሩን እንደመሰለው አድርጎ ነግሮሃልና እኔ ከመጀመሪያው ላውራህ።

ከብርጭቆ ማጠቢያው በላይ ያለችውን ጣውላ ታስታውሳታለህ። አባዬ ከሞተ በኋላ እማዬ መጠጥ ቤታችንን መልሳ ስትከፍት ነው የሰቀለቻት። አንተ ወዲያው ስለሄድክ ጥቅሟን በደንብ አላየህም። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ቁልፉን ሰጥቶ እዚያ ምስማር ላይ ሳይሰቀል እማዬ አንድ ብርጭቆ አትቀዳለትም። ሞቅ ካለው ቁልፉ እዚያው ያድራል፣ እሱ በእግሩ ይሄዳል፣ ጠዋት ራሱን ይዞ መጥቶ ይወስዳል። ቁጣም ልመናም አይመልሳትም። አንድ ጊዜ አምባሳደሩ የምንለው የታክሲ ሹፌር፣ ያ ክራቫት ሳያስር መሪ የማይጨብጠው፣ ቁልፌን ካላመጣሽ ብሎ ቢያስቸግራት ሻይ ቀድታ ሰጠችውና «ይቺን ጠጣና ግባ፤ ነገ አንተ መኪናህን ታገኛለህ፣ ሚስትህም አንተን ታገኛለች» አለችው። አሁን ከደጃፉ ሲደርስ ሳይጠየቅ ነው የሚያወጣው።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ቁመናውንም ሥራውንም አይተን ቁም ሳጥኑ የምንለው የቤት ዕቃ ነጋዴ መጣና ቁልፉን ዘረጋላት። ሌላ ጊዜ እማዬ ቁልፍን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ አገላብጣ ሳታይ አትሰቅልም። ያን ቀን እጇ በሳሙና እንደተነከረ ተቀበለችና ሰቀለችው። ሰውዬው ለካ የሰጣት ሱቁ ውስጥ ካሉት ቁም ሳጥኖች የአንዱን ቁልፍ ነው። ጠጣ፣ ተጫወተ፣ በእግሬ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። መኪናውን ዳቦ ቤቱ ጀርባ ነበር ያቆማት፤ አስነስቶ ነዳት። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በሯ ላይ ያቆመችውን ቀሚስ የለበሰ አሻንጉሊት ወደ ውስጥ ልታስገባ ስትል ከእነአሻንጉሊቱ ገጫት። ሕይወቷ ተረፈ፤ እግሯ ግን ክፉኛ ተሰበረ። እሱን ምንም አልነካውም።

መኪናዋ የመጣችው እኔ ቀለም የምቀባበት ጋራዥ ነው። ላሜራዋ ተቃንቶ፣ ስቱኮ ተለጥፎላት ቀለም ክፍል ስትገባ ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቼ ልፈገፍጋት ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። አለቃዬን ሌላ ሰው ይቀባት አልኩት፤ እሱም ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

እማዬ ወሬውን ስትሰማ በቀጥታ ወደ ጣውላዋ ነው የሄደችው። ያቺን ቀጭን ቁልፍ አውርዳ አየቻትና ማጠቢያው ስር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱ ማንም ሳይላት ቤቱን ዘጋች። ከዚያ መርፌና መነጽሯን ይዛ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሄዳ በሩን ከፈተች። ደንበኞቹ ልብሳቸውን እየጠበቁ ነዋ! ዕለት ዕለት እየሄደች የተጀመረውን ስትጨርስ፣ ጠርዝ ስትዘመዝም፣ ማታ ማታ የሠራችውን ለልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ድረስ ወስዳ ስታሳይ ሰነበተች። ስፌቷ ጠማማ ነው፤ አንተም የትምህርት ቤት ሱሪህን ታስታውሳለህ። ልብስ ሰፊዋ ግን በእግሯ ሕመም ላይ የስፌቱ ሕመም ተጨምሮባት እንኳ አንዴም ቅር ተሰኝታ አታውቅም።

ሰፈሩ በዚህ መሀል ተቆጣ። መቆጣትም ሲያንሰው ነው። በአዳራሹ ስብሰባ ተጠራና በሰፈራችን መጠጥ የሚባል ነገር እንዳይሸጥ ሐሳብ ቀረበ። ሰብሳቢው ያ ሒሳብ ያስተማረን መምህር ነው፤ ጡረታ ወጥቶም ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቶቹን ያፋትጋል። ንግግሩ አጭር ነበር። መጠጥ ከሌለ የሚጠጣው ያንሳል፣ የሚጠጣው ካነሰ ጠጥቶ የሚነዳውም ያንሳል፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ከሱ ጋር ነበር። ሰኞ ሰኞ ጋራዣችን በምን እንደሚሞላ የማውቅ ሰው ነኝ።

ወዲያው አምባሳደሩ ክራቫቱን አስተካክሎ ተነሳ። ከድልድዩ ማዶ መጠጥ ቤት ሞልቷል፣ እዚህ ሲዘጋ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው፣ ሲመለስም ድልድዩን በመኪና ነው የሚሻገረው፤ አሁን ቢያንስ የምንንገዳገደው በእግራችን ነው አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ራሱ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ይህን ሲል አንተ ትዝ አልከኝ። ባለህበት አገር መጠጥ ክልክል ነው፣ ሰካራም ሹፌርም አላየሁም ብለህ ጽፈህልኛል። ግን ያው አንተው አይደለህ እንዴ ክፍል የሚጋራህ ልጅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በባልዲ ጠንስሶ ስለደበቀው የወይን ጭማቂ ጽፈህ በሳቅ የገደልከን? ልጁ ቅጣቱን ፈርቶ እሱን ጠጥቶ መሪ እንደማይነካም ጨምረህ ጽፈህ ነበር። ስለዚህ ያንተ ደብዳቤ ለመምህሩም ለአምባሳደሩም ይመሰክራል፤ ጭራሽ ግራ ነው ያጋባኸኝ።

ልብስ ሰፊዋን በወንበር ተሸክመው አምጥተዋት ነበር። እግሯን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ተናገረች። «ቢዘጋ ደስ ይለኛል። ሽታው ሲመጣብኝ እግሬን ያመኛል። ግን አትዋሹኝ። ቢዘጋ አደጋው የሚቀር ከሆነ ዝጉት፤ የማይቀር ከሆነ ግን እኔን ሰበብ አታድርጉኝ» አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ ዞሮ እማዬን አየ። እንጀራዬን አትዝጉብኝ ብላ የምታለቅስ መስሎት የነበረው ብዙ ነው። እኔም አንዷ ነበርኩ።

እማዬ ተነስታ ከመሐረቧ ሁለት ቁልፍ ፈታች። ጠረጴዛው ላይ አንዷን አስቀመጠችና «ይቺን ሳላይ ተቀበልኩ» አለች፤ የቁም ሳጥኗን ቁልፍ። ሁለተኛዋን ከጎኗ አድርጋ «ይቺን ደግሞ እያየሁ ሰጠሁ» አለች። ወንድም ጋሼ፣ ጣውላዋ ላይ የመጀመሪያው ምስማር ላይ ሁልጊዜ የምትንጠለጠለውን፣ እኛ የዕቃ ቤቱ ናት የምንላትን ቁልፍ ታስታውሳለህ? የአባዬ ፒክአፕ ቁልፍ ናት። እሱ ከሞተበት አደጋ በኋላ ፖሊሶች የመለሱላት ነች።

አባዬ ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ወጣ ነበር የተባልነው። እንደሱ አይደለም። ያን ቀን ቢራ አልቆ ሊያመጣ ሲነሳ ቁልፉ የነበረው እማዬ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነው። «አምጪው» አላት። እንደሰከረ አይታለች። ግን ባሌን በሰው ፊት እንዴት እምቢ እለዋለሁ ብላ አፈረችና ሰጠችው። ይህን ሁሉ ዓመት ለኔም ለአንተም ሳትነግር ይዛው ኖራ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ተናገረችው። እንባዬ መጣ። ሮጬ ባቅፋት ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር።

«መምህሩ ያሉት ልክ ነው» አለች። «ብትከለክሉት የሚጠጣው ይቀንሳል፤ አደጋውም ይቀንስ ይሆናል። የቀረው ሰው ግን ተደብቆ ነው የሚጠጣው። ተደብቆ የሚጠጣን ሰው ቁልፍህን አምጣ የሚለው የለም። እኔ የምፈራው እሱን ነው። ባሌ ሲሞት ቤቱን ዘግቼ ብቀመጥ ስሜ ይጠራልኝ ነበር። ግን እኔ እምቢ ማለትን በባሌ ሞት ነው የተማርኩት፤ ይህን ተምሬ ቤቴን ዘግቼ፣ ሰው እምቢ ማለት የማይችል ሰው ቤት ሄዶ ይጠጣ ልበል?» ብላ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ጉልበቷን ያዘች። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሰው የማድነቅ ችግር እንዳለብኝ ታውቃለህ፣ ቶሎ አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን የዚህች ሴት ልጅ መሆኔ በኩራት አሳበጠኝ።

ከዚያ እጅ ይነሳ ተባለ። ለአንድ ቤት አንድ እጅ ነው። ይከልከል የምትሉ ሲባል ግማሽ የሚሆነው እጅ ወጣ፤ ከመሀሉ የእማዬ እጅ! መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አጠለቀ። አምባሳደሩም እማማ ተሳሳቱ፣ ገና ነው ብሎ ሊያወርድላት ሞከረ። እሷ ግን ነቅነቅ አላለችም፤ ተቆጥሮ እስኪያልቅ እጇን እንዳነሳች ቆየች።

ክልከላው በጥቂት እጅ ወደቀ። በምትኩ መጠጥ ቤቱ ሁሉ እንደ እማዬ ቤት ጣውላ ይስቀል፣ ቁልፍ ሳይሰቅል የቀዳ ይዘጋበት ተባለ። ቁም ሳጥኑም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ አሁን በእግሩ ነው የሚሄደው። ጣውላዎቹን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ከመኪና የተረፈ ቀይ ነው፣ ሲያብረቀርቅ ብታየው! መምህሩም እሺ ብሎ የተሸነፈ እንዳይመስልህ። ከቤት ቤት እየዞረ ምስማሮቹን ያያል፤ አደጋው ካልቀነሰ መልሼ እሰበስባችኋለሁ እያለ ያስፈራራል። ደግ አደረገ፤ እኔም መቀነሱን ገና አላውቅም።

የእማዬን ቤት መልሳ ያስከፈተቻት ልብስ ሰፊዋ ናት። በምርኩዝ ራሷን ችላ መቆም የጀመረች ዕለት ሱቋ መጣችና እማዬ የዘመዘመችውን አንስታ አየች፤ «እባክሽ አንድ ሰው በሕይወት እያለ ወደ ሥራሽ ተመለሽ፣ ደንበኞቼን ልትጨርሺብኝ ነው» አለቻት። ሁለቱም ስቀው ስቀው ወዲያው ተላቀሱ። አሁን እማዬ ቁልፍ ማየት ብቻ አልበቃትም። ሹራቧን ደርባ፣ ጉልበቷን እያሸች ደጅ ትወጣና ቁልፉን ተጭና የመኪናው መብራት ብልጭ ሲል ካላየች አትቀዳም። የመጀመሪያ ቀን ያልሆነውን ተጭናው ጥሩምባው መንገዱን ሁሉ አናወጠው።

ትናንት ከሰዓት ብርጭቆ ስናደርቅ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳት። እንዲያ ብለሽ ተናግረሽ እጅሽን ለምን ለክልከላው አነሳሽ አልኳት። ብርጭቆዋን ወደ ብርሃኑ አድርጋ እያየች «ደብዳቤውን ስታነቢ የዘለልሽው እሱን አይደል?» አለችኝ። «ቤታችን አንድ እጅ ነው ያለው። አባታችሁ ካለፈ ታላቁ እሱ ነው። እዚህ ቢኖር የሚያነሳውን እጅ አነሳሁለት። የኔን በአፌ ተናግሬያለሁ፤ እጁ ግን የልጄ ነው።» እኔ የደረቀውን ብርጭቆ መልሼ ማድረቅ ያዝኩ። መልሱን አንተ ጻፍላት፤ ለኔ ሳይሆን ለሷ ጻፍላት።

በል እንግዲህ፣ ባለቤቴ በጣም ሰላም ይልሃል፤ የላክህለትን ጫማ ለክብር ቀን ብሎ ሳያደርገው ጠበበው። ልጄ ጥርሷ እስኪበቅል እንዳትመጣ፣ ሲበቅል ግን እንዳትቀር ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ትልሃለች። መምህሩ ሰላም ብሎሃል፤ ሒሳብ ስትኮርጅ የያዘህን እስካሁን ያወራል። ባልዲ ያለውን ልጅም ሰላም በልልን።

እማዬንም ምን ልበልልሽ አልኳት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ጣውላዋ ሄደች፣ ከአባዬ ቁልፍ ቀጥሎ ያለውን፣ ማንም እንዳይሰቅልበት የምትከለክለውን ባዶ ምስማር በጣቷ ነካ አደረገችው። አንተ እንደማትጠጣ ታውቃለች፤ ሕግ ግን ሕግ ነው ትላለች። «መኪና ይዞ ከመጣ ምስማር አለው በዪው። በእግሩም ከመጣ፣ ይምጣ ብቻ።»

ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከማጠቢያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ ፱ ቀን