በሚካኤል ጽዋ ውስጥ አበባ ሰኩበት

አሰፋዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ልጽፍልህ እነሳና ያለኝ ወሬ ሁሉ የሚያናድድ ይሆንብኛል። ያረፈን ሰው በዚህ መቀስቀስ ምን ይባላል ብዬ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ሆዴ ሞልቷል፤ ላንተ ካልነገርኩት ለማን እነግረዋለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ያው የኮሪያዎቹ ሰፈር፣ ኮሪያታውን ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ውስጥ ነኝ። ከታች ያለችው አሮጊት ዛሬም ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲል ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ ያንተ ሳቅ ሳይናፍቃት አይቀርም። ጥቁሩን ኮትህን ከሱዳን ለመጣ አንድ ሰው ሰጠሁት፤ እጅጌው ረዝሞበት አጥፎ ይለብሰዋል። እኔም እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት እቆርጣለሁ። ወንበሬ ላይ ትራስ ጨምረውልኛል፤ እድገት ይሉሃል ይሄ ነው።

የልቤን ልንገርህ። የሚካኤል ማኅበራችንን ነገር።

ያቺን ማሰሮ ከሜክሲኮዎቹ ገበያ ገዝተህ በታክሲህ የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ አስረህላት ያመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? እኔ ደግሞ የባቄላ ማሰሮ እንዴት ጽዋ ይሆናል ብዬ ሳቅሁብህ። አባም ሳቁ፤ ከዚያ ባረኳት። ከአረንጓዴው ከፋይ ቀሚሴ ቀድጄ ልብስ ሰፋሁላት። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሆነው ለሚያድሩት አዲስ መጪዎች በወር አንድ ቀን እንኳ ደህና ማዕድ ይቅረብላቸው ብለህ ነው የጀመርከው። ተረኛው ቤቱ ይደግሳል፣ አዲስ የመጣው ቀድሞ ይቀመጣል፣ ዶሮውን ማን ገዛው ተብሎ አይጠየቅም። ሲያበቃ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ይወስዳል፤ ልውሰድ ያለ ደግሞ አይከለከልም። ሕጉ ይኸው ነበር። ጽዋ ካልዞረ ማሰሮ ነው ትል ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ቆመ። ጥላሁን ጋ ቆመ። አዎ፣ ያ ጥላሁን፤ የመጣ ሰሞን እኛ ወለል ላይ የተኛው፣ ጠዋት ጠዋት ያንተን ካልሲ አድርጎ ሥራ ፍለጋ የሚወጣው። አሁን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሬስቶራንት አለው። ተራው ደርሶ ጽዋውን ወሰደና እዚያው ደገሰ። ሰፊ ነው፣ መኪና ማቆሚያ አለው፣ ጎረቤት አይጮህም፤ ሰዉ ሁሉ ተመቸው። እኔ ሐዘን ላይ ነበርኩ፣ የሚባለውን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ወርም እዚያው፣ ከዚያም እዚያው ሆነ። ተረኛ ማነው የሚል ሰው ጠፋ። ከመደገስ መገላገል የማይወድ ማን አለ?

ያገራችን ድርቅ በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ደግሞ ቸርነት ፋሽን ሆነ። ጥላሁን መስኮቱ ላይ «የጥላሁን የበጎ አድራጎት ምሳ» ብሎ በሁለት ቋንቋ ለጠፈ። የማን ምሳ? የሚካኤል ዝክር እኮ ነው! ማዕዱ የሚቀርበው ደግሞ ከኋላ በር አጠገብ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹ የሚታዩበት ቦታ ነው። ከፊት ያሉት ከፋይ እንግዶች እንዳይረበሹ ነዋ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጎራ አልኩ። ትርሲት የምትባል፣ ልጇን ታቅፋ ገና የመጣች ሴት፣ ሳህን ይዛ መስኮቱ ሥር ቆማለች። ጥላሁን ካሜራ ያነገተ ሰው አምጥቶ፣ «ቀና በይ እስኪ፣ ስማይል አድርጊ፣ ኦኬ፣ አንድ ደግሞ፣ ሳህኑን ከፍ» ይላታል። አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም። ወጡ ረጋ፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እሱ አንድ ደግሞ ይላል። እውነቴን ነው የምልህ፣ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆሜ ምራቄን ተፋሁ።

የሰፈሩ ነጋዴዎች ደግሞ ማኅበር አላቸው። ለኅብረተሰቡ ያገለገለ፣ ለድሃ የሰጠ ነጋዴ እየመረጡ እራት ያበሉታል፣ ስሙ የተጻፈበት ጣውላ ይሸልሙታል። ዘንድሮ ጥላሁን ተመረጠ። ይኸው ራሱ ደወለልኝ። ድሮ አንቱ ይለኝ ነበር፤ ሬስቶራንት ከከፈተ ወዲህ አንቺ ሆኛለሁ። «እትዬ አበበች፣ አንድ ፌቨር ላስቸግርሽ። ፕሌኩን አንቺ ብትሰጪኝ ደስ ይለኛል። ያገር ልብስሽን ልበሺና፣ ጋሽ አሰፋ የጀመረውን እሱ ኮንቲኒው አደረገ በይ። ሶ፣ ሾርት ብታደርጊው።» ፕሌክ የሚለው ያንን ጣውላ ነው።

ስልኩን ልዘጋበት ነበር። ጽዋውንም እናመጣዋለን፣ ለዲስፕሌይ፣ ለመታያ፣ ሲለኝ ግን እሺ አልኩት።

ሆቴሉን ብታየው! ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ብቻ የእኛን ቤት ያህላል። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ለሁሉም ስቴክ ቀረበ። አባ ከፊት አስቀምጠዋቸው ከጎኑ ያለችውን ቅጠል በሹካ ያንከራትታሉ። ተሸላሚዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ስለ ደግነታቸው ራሳቸው ተናገሩ። የዳቦ ቤቱ ሽማግሌ ብቻ ደንግጦ ጣውላውን ተቀብሎ አንዲት ቃል ሳይናገር ወረደ፤ እሱን ወደድኩት። ሌላው ግን ምን አለፋህ፣ የሰጠውን ሲዘረዝር ከተቀበለው ሰው እጅ መልሶ የሚነጥቅ ይመስላል። ቀኝህ የሠራውን ግራህ አይወቅ የሚለው ቃል እነሱ ዘንድ በማይክሮፎን ነው የሚነገር።

ጽዋው መድረኩ ላይ ነበር። ከፋዩን ገፍፈው ከሥሯ አንጥፈውታል። በውስጧ ቀይ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውባታል፣ አሰፋዬ። አበባ! አንተ ስንቴ በጨርቅ ሸፍነህ ከቤት ቤት ያደረስካት ማሰሮ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሆና የሰው ፎቶ ታሳምራለች። አንገሸገሸኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ጣውላውን ሰጠሁት፤ ስሙ ተጽፎበታል፣ የራሱ ነው፣ ይውሰድ። ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ አበባውን መዝዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በማይክሮፎኑ፣ በአማርኛ፣ ተረኛ ነኝ፣ ጽዋውን አስረክቡኝ አልኩ።

ጥላሁን ሳቅ ለማለት ሞከረ። አባ ግን ያቺን ቅጠል ትተው ብድግ አሉ፤ መስቀላቸውን አወጡና አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። አባ ከተነሱ ማን ይቀመጣል? የእኛ ሰው ሁሉ ተነሳ። ልውሰድ ያለ አይከለከልም፤ አስረካቢውም በሁለት እጁ ነው የሚሰጥ። ስለዚህ ጥላሁን ጣውላውን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ማሰሮዋን ጎንበስ ብሎ ሰጠኝ። ሴቶቹ ለምዶባቸው እልል አሉ። አሜሪካኖቹ ደግሞ ነገሩ የፕሮግራሙ ክፍል መሰላቸው፤ እነሱም ተነስተው አጨበጨቡ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨቡት ለዚህ ነው ብልህ አልዋሸሁም። እኔ ከፋዬን አንስቼ ሸፍኜያት በአውቶቡስ ወደ ቤቴ።

ነገሩ አለቀልኝ ብዬ አሰብኩ። ምን ያልቃል! ሲያስረክበኝ ያነሱት ፎቶ አሁን ሬስቶራንቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥላሁን ለባልቴት ስጦታ ሲያበረክት ይላል ከሥሩ። ያን ሰው ብትተፋበት ምራቅህን ሽቶ ነው ብሎ ይሸጠዋል።

ለሚካኤል ደገስኩ። የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ፌርፋክስ የለመደ እግር ኮሪያታውን ደረጃ መውጣት ከብዶታል። ትርሲት መጣች፤ ከልጇ ጋር ቀድማ ተቀምጣ በላች፣ ማንም አላያትም፣ ማንም ቀና በይ አላላትም። አሮጊቷ መጥረጊያዋን ስታነሳ ወርጄ ድፎ ሰጠኋት። አንተ ያልሰጠሃት ለካ ዳቦ ነው፤ ዝም አለች።

ማዕዱ ሊነሳ ሲል ጥላሁን ገባ። ወንበር ስላልነበረ ከነሱፉ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጠላ ቀዳሁለት። እጄ እየተጸየፈ ቀዳ። ለሚካኤል ማዕድ የመጣ አይመለስማ። አባ ጸልየው ተረኛ ማነው ሲሉ ሁሉም መሬት መሬት አየ። እሱ እጁን አወጣ።

አሰፋዬ፣ ያን ሰዓት ሕግህን ረገምኩት። እኔ በዚያው ሕግ ነጥቄዋለሁ፤ እሱም በዚያው መጣብኝ። ልከለክለው አልችልም። መስኮቱ፣ ካሜራው፣ የቆሻሻው በርሜል ሁሉ መጣብኝ። ማሰሮዋን አንስቼ እጁ ላይ ሳላሳርፍ ያዝኩና፣ ጽዋ ቤት ነው የሚገባ፣ ሱቅ አይገባም፤ መኖሪያ ቤትህ ነው የምንመጣው አልኩት። አባ ልክ ነው አሉ፤ ቀድሞም እንዲያ ነበር አሉ። ጥላሁን ግሌንዴል የሚባል ሰፈር ትልቅ ቤት ገዝቷል፤ ነጭ ምንጣፍ አለበት ይላሉ። ከማኅበራችን ሰው አንዱም ደጁን ረግጦ አያውቅም። እጁን አንዴ ዘርግቷልና ጽዋውን ተቀበለ።

በሚመጣው ሚካኤል እንሄዳለን። ቫን ናይስ የሚኖሩት ማኅበርተኞች በመኪናቸው ሊወስዱን ተስማምተዋል። ትርሲት ልጇን ይዛ ከሳሎኑ ዋና ወንበር ላይ ቀድማ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ በወጥ እጇ ምንጣፉን ብትነካው እኔ አልከለክላትም። ሙታን ሲታሰቡ ስምህን እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ሚስቱም እሱም እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እስካለሁ ድረስ በማንም ቤት ቢሆን አልተወውም። የሚቀጥለውን ተራ ደግሞ ትርሲት ትወስዳለች፤ የራሷ ቤት ስለሌላት በእኛ ቤት ትደግሳለች፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።

ሚስትህ አበበች