ሦስት ቀን ባልዲ ውስጥ የከረመው የአባቴ አፍ

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላሊበላ

ለተከበሩ የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ሙሉሃብት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ አንዳቸውም ላልጎደሉት ጥርሶችዎም ጤና እመኛለሁ። ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው፤ ይህንንም እያፈርሁ ነው። ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው፤ አይቼ ዝም ብያለሁ።

አባቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዜማ ያስተምራሉ። የላይኛው ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ቃሉ ከአፋቸው እየተበላሸ ተማሪዎቹ ወደ ገነተ ማርያም መሄድ ጀምረዋል። እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ካልተስተካከሉ ሌላ መምህር እንደሚተካ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣን፤ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እነሆ።

፩. በገና ዋዜማ ሊጥ በመሰለ ነገር የአፋቸውን ልክ ወሰዳችሁ። ልኩ ሁለት ቀን ሙሉ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፉን ባለሙያዎ አቶ ታፈረ በኩራት ነገሩን። ለንጽሕናው እናመሰግናለን፤ አንድም ጀርም አልቀረም፤ የአባቴ አፍ ቅርጽም አልቀረም።

፪. የተሠራው ጥርስ አልቆም ሲል፣ በነቢያት ጾም የከሳ ድድ በገና ሥጋ ወፍሮ ነው ብለው ስላስረዱን እናመሰግናለን። አባቴ በገና የቀመሱት በሶ ነው። እቤት ስንደርስ «ጥርሱስ ደህና ነው፤ የተሠራው ግን ለማን አፍ ነው፣ ይማርሽ?» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ወደቀ።

፫. በከተራ ጠዋት ሁለተኛ ልክ ተወሰደ። የረሳነውን ጃንጥላ ልወስድ ስመለስ ልኩ የበረኪናው ባልዲ ውስጥ ነበር፤ አቶ ታፈረ ነጭ ለብሰው፣ ታቦት ሊሸኙ በሩን ይቆልፋሉ። ልኩ ውኃ እየጠጣ እንደሚያብጥ፣ ከዐሥር ደቂቃ በላይ እንዳይዘፈዘፍ፣ ታጥቦም ወዲያው ጄሶ እንዲፈስበት ግድግዳችሁ ላይ ካለው ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣም። ልኩ የተነሣው ሦስት ቀን አድሮ፣ በሚካኤል ማግስት ነው።

ከዚያ ልክ የተሠራው ጥርስ ትናንት እሑድ ማኅሌት መሀል ወደቀ። ተማሪዎቻቸው ሳቁባቸው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በሶውን እንኳ አልነኩም።

ልኩ አይታጠብ አላልሁም፤ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዳይሄድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እባክዎ አያድር። ለሦስተኛው ልክ የቀጠሩን ለነገ ነው፤ ነገ ደግሞ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ሽማግሌ አፍ ስላባከንሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ይማርሽ ወልደ ሰንበት

ማሳሰቢያ፦ ማስታወቂያውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ማኅተሙም በጣም ያምራል። ነገ የአባቴን ሰዓት ይዤ ከባልዲው አጠገብ እቀመጣለሁ። ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ እናገራለሁ፤ ድምፄ እምቢ ካለኝ እጄን አስገብቼ አወጣዋለሁ።