ሳይጠየቅ የሚያወራው ሉፕ

ለታላቅ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ፣ አማትህስ እንደምን ናቸው? ሥራው እንዴት ይዞሃል? ብርዱስ? አዲሱ ቤት ተስማማችሁ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅኩህ ለወጉ አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ስለምፈልግ ነው። እኔ በአካሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ወደ ጉልበቷ ኋላ እመጣለሁ፤ አንተም እጅህ ያለበት ጉዳይ ነውና።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክ በጀመርኩልህ ቁጥር ኔትወርክ ይቋረጣል። ኔትወርኩ ደግሞ የሚቋረጠው አንተ መልስ ስታጣ ብቻ ነው፤ ስለ አዲሱ ሳሎንህ ስታወራልን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። እንደ ልማዴ ጋሼ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ለዛሬ አንተ ብቻ ነህ።

እዚህ ቤት የሆነውን ሁሉ ከሩቅ ሆነህ ካየን በላይ ስለምታወራ፣ እንደማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ልንገርህ። አደጋው በደረሰ ቀን እማዬ ጓዳ ነበረች። እኔ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ጠረጴዛው ላይ እንቁላል እመርጣለሁ፤ የተሰነጠቀውን ወደ አንድ ወገን፣ ቅርጹ የተንጋደደውን ወደ ሌላ፣ ለመፈልፈያው የሚሆነውን ወደ ካርቶን። የመፈልፈያ ማሽኑን ሙቀት የሚያሳየው ታብሌት ግድግዳው ላይ ፊቴ ተሰቅሏል። ጎንበስ ብዬ እመርጣለሁ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ይላል። እንደገና እመርጣለሁ፣ እንደገና አያለሁ፤ ያው ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ ነበር? ታብሌቱን አቅፌ ልቀመጥ?

እማዬ ካርቶን ልታመጣ ጓሮ ወዳለው የማሽን ክፍል ሄዳ በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊቷን መታት። ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ ማሽኑ እጅ አያስነካም። ሶኬቱን ነቀልን፣ መዝጊያውን ከፈትን፣ መስኮቱን በረገድን፤ ግን ያለፈው አልፎ ነበር። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ መብራት እያስጠጋሁ አየኋቸው። ሊፈለፈሉ የተቃረቡ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን መብራት ሳስጠጋባቸው ውስጣቸው ሲላወስ አይቻለሁ። አሁን አንዳቸውም አልተላወሱም። አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛዎቹ ግን በባልዲ ወጡ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ማሞቂያውን ሲፈታው ማጥፊያው ተጣብቆ አገኘው። ዕቃ ነው፣ ዕቃ ይበላሻል፣ ዋናው የሚያይ ሰው መኖሩ ነው ብሎ ቀየረውና ሄደ። የሚያይ ሰው ሲል እማዬ ወደ እኔ ዞር አለች።

አመሻሽ ላይ፣ ማሽኑ በርዶ፣ ክፍሉ ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ ያ ታብሌት ግድግዳው ላይ እሪ አለ። ሙቀት በዝቷል፣ ሙቀት በዝቷል እያለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ! እማዬ ግራ ገብቷት ደወለችልህ። አንተም ማሽኑ የመዘገበውን ከዚያው ሆነህ ተመለከትህና ማስጠንቀቂያው የወጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ሰዓቱ ተጽፏል አልካት። የአሁኑስ ብትልህ፣ የሚሰማ ሰው ስላጣ ደግሞ የጮኸው ነው አልካት። ቀጥለህም ያን ሁሉ ጊዜ እሷ ምን ትሠራ ነበር፣ ተኝታ ነው እንዴ ብለህ ጠየቅህ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በዚህ ቤት የተኛችው ልጅ ነኝ። እማዬ የማሽኑን ክፍል ቁልፍ ከመስቀያው ላይ አንስታ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ጫጩት የምትረከበን ሴትዮ ባዶ ሳጥኗን ይዛ ስትመለስ እንቅልፎ የሚል ስም አውጥታልኝ ሄደች። አሁን በመጣች ቁጥር እንቅልፎ ነቃች ወይ ትላለች። እማዬም ትስቃለች። እኔ የሚያስቅ ነገር አላገኘሁበትም።

አሁን ማሽኑን ከታብሌቱ ጋር ወዳገናኘህበት ፕሮግራም፣ ወደ ሉፕህ እንምጣ። ሪአክቲቭ ፕሮግራሚንግ ምን እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተው ነህ፤ ከላይ አንድ ሉፕ፣ ያንኑ ትእዛዝ እየደጋገመ የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ ቁጥር እያመነጨ ይለቃል፣ ቁጥሩ እንደ ጅረት ይወርዳል፣ ከታች ያለው ተቀባይ የደረሰውን ይቀበላል ብለኸኛል። ጎበዝ አስተማሪ ነበርክ። በድሮው ፕሮግራም ሉፑ አንድ ቁጥር ይለቅና ጥቂት ያርፍ ነበር። አንተ ግን ይሄ ቀርፋፋ ነው፣ እኔ የምሠራበት ቦታ እንዲህ ያለ ቢያዩ ይስቁብኛል ብለህ ሳንጠይቅህ አዲስ ላክህልን። አዲሱ ሉፕ የሙቀት መለኪያውን ያነባል፣ ይለቃል፣ ያነባል፣ ይለቃል። ዕረፍት የለው፣ ሰማኸኝ ወይ ማለት የለው። ቁርጥ አንተን! አንተም ወሬ ከጀመርክ ሰው ይስማህ አይስማህ ግድ የለህም።

ታብሌቱ አሮጌ ነው። አንዱን ቁጥር ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ስክሪኑ ላይ እስኪያወጣው ድረስ ሉፑ ሌላ ክምር ይጭንበታል። የተጫነው አይጠፋም፤ ተራውን ይጠብቃል። ጠዋት ስከፍተው ወረፋ የለም። ረፋድ ላይ ወረፋው ረዝሟል። እኩለ ቀን ሲሆን እኔ የማየው ማሽኑ ጠዋት የተናገረውን ነው። ሙቀቱ ሳይለወጥ በቆየበት ጊዜ ሁሉ የጠዋቱም የቀኑም ቁጥር ያው ስለሆነ ማናችንም አልነቃንበትም። ማስጠንቀቂያህም የቆመው እዚያው ወረፋ ጭራ ላይ ነው። አንተ ያየኸው ሰዓት ከሉፑ የወጣበትን እንጂ እኔ ዘንድ የደረሰበትን አይደለም። ከአፍ የወጣ ሁሉ ጆሮ ገባ ማለት ነው እንዴ? ከቁጥሩ ጎን ሰዓቱን ብታሳየኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?

ይህን በግምት አልነገርኩህም። በማግስቱ፣ እማዬ ቁልፉን ከመውሰዷ በፊት፣ ማሽኑ ባዶውን ሲሞከር፣ ሲሠራ ውሎ ሳለ የሙቀት መለኪያውን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም፤ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት። ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ የቀደመው ደርቆ አጣጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ ሽቅብ የወጣው፤ ውሃው ግን ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ያን ጊዜ ለእማዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ኮድ ብላት ስለማይገባት በዕቃ አጠባ መሰልኩላት። አንዷ ሳህን እያጠበች ትቆልላለች፣ ሌላዋ ከሥር ከሥር እየመዘዘች ታደርቃለች፤ አጣቢዋ ፈጣን፣ አድራቂዋ ዝግተኛ ናት፤ ስለዚህ አድራቂዋ እጅ ላይ ያለው ሳህን አሁን የታጠበው አይደለም፣ ድሮ የታጠበው ነው አልኳት። በደንብ ገባት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም ወንድምሽ እንዲህ ያለ ነገር አይስትም፣ እሱ የተማረው ለዚህ ነው አለችኝ።

እኔም በልቤ እንዲህ ብዬ ነበር፦ ወንድሜ አላወቀም፤ ሲያውቅ ራሱ ይናገራል። ማንም ይሳሳታል። የሩቅ ማሽን በሩቅ ሆኖ ማየት ቀላል አይደለም። ይኸው ደግነቴ ነው ያቃጠለኝ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ወትሮዬ እንቁላል እየመረጥኩ ሳለ እማዬ ጓሮ ገብታ የማሽኑን መዝጊያ ስትከፍት ሰማኋት። ቀና ብል ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ዝቅ አለ። ስትዘጋው ወዲያው ከፍ ማለት ጀመረ። ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ሲሠራ የዋለ ታብሌት ነው፤ እንዴት ወዲያው? እጄን ጠርጌ ኮዱን ከፈትኩት። ሉፑ ሌላ ነው። አንድ ቁጥር ያመነጫል፣ ይቆማል፤ ታብሌቱ ጨርሻለሁ፣ ቀጣዩን ስጠኝ ሲለው ብቻ ሌላ ያነባል። ታብሌቱ ከጠፋም ያቆማል፣ ለባዶ ቤት አያወራም። ቆንጆ ሥራ ነው፤ አልነፍግህም። የለወጥከው እማዬ በደወለችልህ ማግስት ማታ ነው። ከጎኑ ምን እንደለወጥክ ስትጽፍ “ትንሽ ማሻሻያ” ብለሃል።

ትንሽ ማሻሻያ! እኔ የተቀበርኩበትን ጉድጓድ ማታ ደፍነህ፣ ጠዋት እማዬ ጋ ደውለህ እንደምን አደርሽ ብለሃታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው። እንግዲህ አውቀሃል። ማስጠንቀቂያው እኩለ ቀን ላይ እኔ ዘንድ እንዳልደረሰ አውቀሃል፣ እንዳልተኛሁ አውቀሃል፣ ያበላሸኸውን ኮድ ጠግነሃል፤ ያበላሸኸውን ሰው ግን እንዳለ ተውከው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት አንተን ነው። በመሳሳትህ አልተቀየምኩም። ሉፕ ላይ የማይሳሳት ማን አለ? በዝምታህ ነው የጠላሁህ። አዎ፣ ጠላሁህ፤ እንዲለሰልስልህ ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ኮዱን ለእማዬ ለምን አላሳየሻትም ትል ይሆናል። ምን ታይበታለች? ለእሷ ጉንዳን የሄደበት ነው። ወንድሜ በድብቅ አስተካከለው ብላት ደግሞ ቅናት ይመስላታል። ያንተ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል፤ ከሩቅ የመጣ ነገር ሁሉ እዚህ ቤት እውነት ነው። እኔ ቅርብ ነኝ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ አዛጋለሁ፤ ማን ያምነኛል?

አሁን ስለ ጉልበቷ ልንገርህ። አዲስ እንቁላል ገብቷል። እማዬ እኔንም ታብሌቱንም ስለማታምን በርጩማ ይዛ ማሽኑ አጠገብ ትውላለች። ወለሉ እርጥብ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው። በተቀመጠችበት ጉልበቷ ይያዛል፤ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው፣ አንዳንዴም ግድግዳው አይበቃትም። ልርዳሽ ብዬ በር ላይ ስቆም ተይ ልጄ፣ አንቺ እረፊ ትለኛለች። እረፊ የምትለኝን ያህል የሚያመኝ ስድብ የለም።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ልሰጣት በሩን አንኳኳሁ። ከፍታ ተቀበለችኝና እጄን ያዘችው። ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ያህል፣ ልጄ ሰው ይደክመዋል፣ እኔም በጉብዝናዬ እንቅልፍ ጥሎኝ ያውቃል፤ ተኝቼ ነበር ብትይኝ እኮ በቃኝ፣ ቁልፉን አሁኑኑ እሰጥሽ ነበር፤ መተኛትሽ አይደለም የከፋኝ፣ ለእናትሽ መዋሸትሽ ነው አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ወንድሜ፣ ተኝቼ ነበር የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጉልበቷን አየሁትና ሳልለው ወጣሁ።

ስለዚህ የምነግርህ አጭር ነው። ይህ ወረቀት በደረሰህ ቀን ደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ ነው። በእኔ በኩል ይቅርታ አትላክባት፤ ጅረት ምናምን እያልክም አታደናግራት። ልጅሽ አልተኛችም፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ካወቅሁትም ቆይቻለሁ በላት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው በላት። ኔትወርክ ከተቋረጠ መልሰህ ደውል።

ሳትደውል ይህ እንቁላል ከተፈለፈለ ግን፣ ሌላ ዙር እንቁላል ከመግባቱ በፊት እኔ ገብቼ ከበርጩማዋ ሥር እንበረከክና ተኝቼ ነበር እላታለሁ። ያልሠራሁትን እቀበላለሁ። እሷን ከዚያ እርጥብ ክፍል ለማውጣት ሌላ መንገድ የለኝም። ይቅርታ ታደርግልኛለች፣ ትስመኛለች፣ አንተንም ልክ ነበርክ ብላ ትመርቅሃለች። ምርቃቱን ተቀበል። ከዚያ በኋላ ወንድም አለሽ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰውን አንተ አትስማው።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷ ምንም አላደረገችኝም። ለአማትህም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ብርዱ እንዳይጎዳቸው አደራ። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስታድግ ማንንም ሳትሰማ እንዳታወራ ከአሁኑ አስተምራት። ከዚህም እማዬ እንደምን ነህ የኔ ብልህ፣ ብዙ አትሥራ፣ ራስህን ጠብቅ ብላሃለች፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ጫጩት የምትረከበን ሴትዮም ሰላም ብላሃለች፣ ጎበዝ ልጅ ትልሃለች።

ለአንተ የሚሆን ሰላምታ እኔ ዘንድ የለም። እማዬ ጋ አስቀምጬዋለሁ፤ እውነቱን ስትነግራት እሷ ትስጥህ።

ያልተኛችው እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ኅዳር ፲፱ ቀን