ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?

ሁዲንጌ፣ ስቶክሆልም
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ከዲጃ፣ የእናቴ ምትክ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። «ደህና ነሽ ወይ?» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይህንን በስልክ በላክሁልሽ ቁጥር «ከዲጃ ደህና ናት» የሚል የዐረብኛ ጽሑፍ ብቻ እየተመለሰልኝ ጥያቄውን ጠላሁት። አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ለእኔ በዐረብኛ መጻፍ የጀመርሽው? ጡትሽ ላይ እብጠት እንደወጣ በሹክሹክታ የነገርሽኝ ከአረፋ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ስደውል እመቤትሽ ታነሳና «ተኝታለች» ትለኛለች። አንቺ ደግሞ በቀትር የምትተኚ ሰው አይደለሽም።

ስለዚህ ደብዳቤውን በሰው እጅ ልኬዋለሁ። የሚያመጣው ሰላምሰገድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ወሬ የሚወድ፣ ልቡ ግን ንጹሕ። ለስብሰባ ቤሩት ይመጣል። ከታችሽ ያለው ፎቅ ላይ ለምትሠራው ለንጋት ይሰጣታል፤ እሷ ታደርስልሻለች።

እኛ ደህና ነን። ልጄ ነጂማ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች። አንቺን «ሙስተር» እያለች ታነሳሻለች፤ የእናቴ እኅት ማለቷ ነው። እዚህ አሁን በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል፤ ከባቡር ወርጄ ቤቴ የምገባው ዳብሼ ነው ብልሽ ይቀላል።

ሥራዬን ስትጠይቂኝ «ድሃ እቆጥራለሁ» ብዬሽ ስቀሽብኝ ነበር። አሁን የዐረብ አገሮችን ድህነት የሚለካ ሪፖርት ላይ ነን። ድህነት የገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም ይባልና፣ ቤቱ ውሃና መብራት አለው ወይ፣ ልጆቹ ይማራሉ ወይ፣ የታመመ ይታከማል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ለቤቱ የተሰጠው መልስ እዚያ ለሚኖረው ሁሉ ይያዛል።

አምና ለዚሁ መረጃ እናንተም ቤት ጠያቂ መጥታ ነበር። እመቤትሽ ያን ቀን ምን እንደነካት አላውቅም፣ «ስድስት ነን» ብላ አንቺንም ቆጠረችሽ። አንቺ ግን የሻዩን ትሪ እንደያዝሽ «እኔ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም፤ ቤቴ ደሴ ነው» አልሽ። ልጅቷም ስድስቱን ሰርዛ አምስት ጻፈች። ስትነግሪኝ ኮርተሽ ነበር፣ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። የደሴው ቤት ከተሸጠ ግን ስንት ዘመኑ! እዚያም ከቤተሰቡ ጋር የሚቆጥርሽ የለም።

መረጃው እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ እናንተ ያለ አንድ ቤት መረጥሁና አንዲት ሠራተኛ ጨመርሁበት። ውሃ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ልጆቹ ጥሩ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ «ድሃ አይደለችም» አለኝ። የኩሽናው በረንዳ ላይ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ የምትተኛው፣ ፓስፖርቷ የተቆለፈባት፣ ሕመሟን ሐኪም ያላየላት ሴት በእኛ ስሌት ምንም አልጎደለባትም።

ለአለቃዬ ነገርኋት። ስዊድናዊት ናት፣ ክፉ ሴት አይደለችም። አዳምጣኝ ስታበቃ «ያሳዝናል፤ የግርጌ ማስታወሻ እናድርገው» አለችኝ። በአገርና በአገር፣ በከተማና በገጠር መካከል ያለውን ልዩነት አሳምረን እንለካለን። በሳሎኑና በኩሽናው በረንዳ መካከል ያለው ግን በትንንሽ ፊደል ከገጹ ሥር ቀረ። በዚህ ዕድሜዬ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስሁ።

አሁን ስሚኝ። እሑድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወርጂ ንጋት ደረጃው ላይ ትጠብቅሻለች። ሰላምሰገድ ታክሲ ይዞ ከበሩ ራቅ ብሎ ይቆማል። በለበስሽው ውጪ፣ ምንም አትያዢ። ትንሹ ልጅ ያለ አንቺ እንደማይተኛ ነግረሽኛል፤ አንጀትሽ እንደማይችል አውቃለሁ። እናት አለው፣ እትዬ። ሰላምሰገድ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ፣ ቀጥሎ ቆንስላው ይወስድሻል። በፓስፖርት ፈንታ የሚያሳፍርሽን ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴውን፣ እንዲሰጡሽ አነጋግሬአቸዋለሁ። ወደዚህ ላመጣሽ ያመለከትሁት አልተፈቀደም፣ አልዋሽሽም። አገር ቤት ትገቢያለሽ፤ እኔ ቀድሜሽ ገብቼ እጠብቅሻለሁ። ቤት ተከራይተን እንደ ድሯችን አንድ አልጋ ላይ እየተገፋፋን እንተኛለን።

ባትወርጂ ግን ሰላምሰገድ ሽቅብ ወጥቶ በሩን ያንኳኳል። «የለችም» ካሉት ቆንስላው ሄዶ በስምሽ እንዲጠይቅ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ምን ምን ማድረግ እንደሚችል እዚህ ያለው የኤምባሲያችን ጸሐፊ አንድ በአንድ ሲያነብልኝ በደህና እሰማ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ያለው፣ አስከሬን ስለ መረከብ የሚለው መስመር ግን በሕይወት ላለ ሰው የሚጻፍ አይደለም። «ይኸኛው ይውጣ» አልሁት። «ይቅር፣ እኅቴ፤ ምናልባት ያስፈልጋል» አለኝ። ፈረምሁ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፤ እግርሽን ያበርታልሽ፤ የዚያን ደጃፍ በሰላም ያሻግርሽ። ያንን መስመር ውሸት አድርጊልኝ። እባክሽ ውረጂ።

ታናሽሽ ኑራ