የተቆጣ ሥር ስፌት አይዝም

ይድረስ ለእትዬ፣

ትናንት ሊደረግልኝ የነበረው ቀዶ ሕክምና ተላልፏል። ይህን ያስቀደምኩት ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ነሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚያሠቃይሽ ጉልበት ተሻለሽ? እማዬስ መድኃኒቷን ሳትደብቅ ትውጣለች? ልጆቹ፣ አባታቸው፣ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ? እኔ ከሕመሜ በቀር ደኅና ነኝ ብልሽ ትስቂብኛለሽ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከጎኔ ካሉት ሴትዮ ጋር ወሬ እጠርቃለሁ።

ስልኩ እየተቆራረጠ ያልገባሽን ልጻፍልሽ። ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮቼ ተቆጥተዋል። ተላላፊ ነገር አይደለም፤ የገዛ ሰውነቴ ነው የተነሣባቸው። ግድግዳቸው ሲያብጥ ውስጣቸው ይጠባል። ወደ ግራ እጄ የሚሄደው ተዘግቷል ማለት ይቻላል፤ በአንገቴ ወደ ጭንቅላቴ የሚወጣው ደግሞ ክር አክሏል። ብድግ ስል ዓይኔ የሚጨልመው፣ ጨርቅ ስዘረጋ ግራ እጄ የሚዝለው ለዚህ ነው።

ሕመሜ ሳይታወቅ ይህን ያህል የዘገየው በእኔ ጥፋት ነው። የፋብሪካችን ነርስ በየሦስት ወሩ በስፌት መኪኖቹ መካከል እየዞረች ግፊት ትለካናለች። ሰፊ ደግሞ ቀኝ እጁን ከመርፌው ሥር አያነሣም፤ ስፌቱ ይጣመማል፤ «ጥድፊያ» የምንለው አለቃም ከኋላ ቆሟል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰጠኋት የግራ እጄን ነው። መለኪያው ዝቅተኛ ይላል፤ እሷ ጨው ጨምሪ ትለኛለች፤ አንቺም ምግብ ስለማትበዪ ነው እያልሽ ትቆጪኛለሽ። እኔም ጨው ስልስ ኖርኩ። እዚህ በመጣሁ ቀን ሐኪሟ ሁለቱንም እጆቼን ለካች። ግራው ሰማንያ፣ ቀኙ መቶ ዘጠና። ደግማ ለካች። ከዚያ የግራ አንጓዬን ይዛ ብዙ ቆየች፤ የደም ሥሬን ምት ፈልጋ አጣችው። ለካ ግራው ዝቅ የሚለው ደም ስለማይደርሰው ነው፤ እውነተኛው ግፊቴ የቀኙ ነበር። አንቺን አልወቅስሽም፤ አንድ እጅ ብቻ አይተን ሁላችንም ተሞኘን።

ቀዶ ሐኪሙ የተዘጋውን አይጠርግም። ካልታመመው ቦታ አንሥቶ፣ ጠባቡን አልፎ፣ እስከ አንገቴ ድረስ ሰው ሠራሽ ቱቦ ይሰፋልኛል፤ ደሙ በዚያ ይሄዳል። በምን ክር ነው የሚሰፉት ብዬ ብጠይቀው ሳቀና ከፀጉር የቀጠነ፣ የማይሟሟ ክር መሆኑን ነገረኝ። እንዴት እንደሚቋጥረውም ጠየቅኩት፤ ምን ላድርግ፣ ሙያ ነው። ከዚያ ሳቁን ተወና «የተቆጣ ሥር ግን ስፌት አይዝም። ዛሬ ብሰፋልሽ ወይ ይላላል፣ ወይ እስፌቱ ጋ መልሶ ይጠባል» አለኝ። በደሜ የሚታየው የቁጣው መጠን ሃምሳ ሁለት ነው፤ ከሃያ በታች መውረድ አለበት። የተላለፈውም ለዚህ ነው። ሌሎቹ ታካሚዎች ተስፋ የቆረጥኩ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ መጡ። እኔ ግን ወዲያው ገብቶኛል፤ ጫፉ የተመዘዘ ጨርቅ ላይ ስፌት የሚያስኬድ ሰው ድርብ ሥራ ነው የሚገዛው።

ክኒኑን ጨምረውልኛል፤ ፊቴን ነፍቶታል። የሥራ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ መጥተው አንዷ በር ላይ ቆማ «ሆስፒታል ነው የገባሽው ወይስ ሰርግ ቤት?» አለችኝ።

ቢላዋ ሳይነካሽ ነይ፣ ወንድማችን መጥቶ ይዞሽ ይመለስ ያልሽኝን ደጋግሜ አሰብኩበት። እትዬ፣ አልመጣም። ክኒኑ ቁጣውን ያበርዳል እንጂ የጠበበውን አይከፍትም። የአንገቴ ሥር ከተዘጋ አንድ ጎኔ ሽባ ሊሆን፣ ምላሴ ሊታሰር ይችላል፤ ያኔ የምታስታምሚው ሌላ ሰው ነው። ቀዶውም አደጋ አለው፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ልቀር እንደምችል ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮኛል። ሁለቱን አመዛዝኜ ነው የቆረጥኩት። ወንድማችን ከመጣ አጠገቤ ይቀመጥ፤ ሻንጣዬን ይዞ እወጣለሁ ብሎ ከሆነ ግን መንገዱን አይድከም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስለ አንገቴ ግን አትንገሪያት፣ እጇን ነው ያመማት በያት። ባለቤትሽን በብርቱ ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዳትተው፣ ትንሹም አክስቴ መቼ ትመጣለች ካለ ስትድን በይው።

ሐሙስ ጠዋት ደሜ ይቀዳል፤ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይወስናሉ። የስምምነት ወረቀቱን ፈርሜ ለነርሷ ሰጥቻታለሁ። ያልተሞላው ቀኑ ብቻ ነው።

ታናሽሽ

ከሴቶች ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን