በውሰት ጎማ

ሐሙስ፣ ሰኔ 18 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስተኛ ቀኔ ነው። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አንድ መስመር ጽፌ እነሣና ሽንኩርት ከትፌ እመለሳለሁ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ግን አንቺ ቶሎ ቶሎ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም ቶሎ ቶሎ እዋሻለሁ።

ነገሩ የመኪናው ነው። ወንድምሽ ከተለየን ወዲህ የምትነዳው ሚስቱ ናት። ጠዋት የሆስፒታሉን አንሶላ ጭና ወደ ማጠቢያው ትወስዳለች፣ ከሰዓት የታጠበውን ትመልሳለች። እሷም፣ ልጃቸውም፣ እኔም የምንበላው ከዚያ ነው። ባለፈው ወር የሆስፒታሉ ዘበኛ የፊት መስታወቱን አይቶ፣ "እህቴ፣ መኪናው ተመርምሮ አዲስ ቦሎ ካልተለጠፈበት ከሰኔ ሠላሳ በኋላ በዚህ በር አላስገባም" አላት።

አንቺ "ሽጡት" ብለሽኝ ነበር። ልክ ነሽ፣ ዕድሜው ካንቺ ይበልጣል። ግን ማን ይገዛዋል? አንዱ በር በሽቦ የታሰረ ነው። የነዳጅ መለኪያው መሥራት ካቆመ ዘመን ሆኖታል፤ ወንድምሽ በዱላ እየነከረ ነበር የሚለካው፣ ምራቴም በዚያው ዱላ ትለካለች።

የወንድምሽን ጓደኛ ታስታውሺዋለሽ፣ ያን ሁሉን ነገር በሽቦ እያሰረ "ሽቦ" የተባለውን መካኒክ። የእጁን አይቀበለንም፣ ዕቃውን ብቻ ግዙ ይላል። መኪናው ሥር ገብቶ ቆየና ወጥቶ፣ "እማማ፣ ለዚህ ጡረታ እንጂ ቦሎ አይገባውም" አለኝ።

"አንተስ በቀሩህ ሁለት ጥርሶች ሥጋ ትበላ የለም እንዴ? ይልቅ ሥራ" አልኩት።

በፍሬን ቀልድ የለም ብሎ የፍሬኑን ሸራ በአዲስ ቀየረው። የቀረውን ከወደቁ መኪናዎች ለቃቀመ፤ የኋላ መብራቱን ከአንዱ፣ የጎን መስታወቱን ከሌላው። የነዳጁ ታንከር ሲያንጠባጥብ የልብስ ሳሙና ጠየቀኝ። ሊታጠብ መስሎኝ ሰጠሁት፣ እሱ አድቦልቡሎ ቀዳዳውን ደፈነበት።

ጎማው ላይ ስንደርስ ቆምን። አራቱም እንደ መላጣ ራስ ልሙጥ ሆነዋል፣ አራት ጎማ መግዛት ደግሞ አይታሰብም። ሽቦ ግን፣ "ይሄማ ቀላል ነው፤ ለምርመራው ቀን የኔን እናስርለታለን። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው" አለ። የሱ መኪና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀረች፣ የኛ በሷ ጫማ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው የሄድነው። ልጅቷን አተኩሷት ምራቴ ስለቀረች፣ እኔና ሽቦ ብቻ ነበርን። ፍሬኑ አለፈ፣ መብራቱ አለፈ፣ ጭሱም ለጥቂት አለፈ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጎማውን ዳሰሰና፣ "እናቴ፣ ለዚህ አሮጌ እንዲህ ያለ ጎማ! መቼ ገዛችሁት?" አለኝ። ሽቦ ከኋላው ሆኖ ይጠቅሰኛል። እኔ ግን የሰውን ዕቃ የኔ ነው ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"የሱ ነው፣ ለዛሬ ተውሰን ነው" አልኩት።

ሰውየው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ሊብሬውን ገልጦ የወንድምሽን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። "ባለቤቱስ የት አለ?"

"ሥራ ሄዷል፣ ማታ ይመጣል" አልኩት።

"እንግዲያው ጎማ ቀይራችሁ፣ እሱ ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ስንመለስ የሚነዳው ሽቦ ነበር። ኋላ፣ "እማማ፣ ጎማውን አጋልጠው ሰውየውን ደበቁት" አለኝ። ሊስቅ ጀምሮ ነበር፣ ግን አልሆነለትም፤ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ።

ልጄ፣ ተቆጪኝ እንጂ አትዘኚብኝ። በየሳምንቱ "የሞት የምስክር ወረቀቱ ወጣ?" ስትይኝ "ገና ነው፣ ነገ ነይ ይሉኛል" እልሽ የነበረው ውሸት ነው። ከወጣ አምስት ወሩ ነው። ፍራሼ ሥር ነበር። ምራቴንም እንዲሁ ሳታልላት ከረምኩ። ያለዚያ ወረቀት መኪናው ወደ ስሟ እንደማይዞር አውቃለሁ። ትራፊክ ባስቆማት ቁጥር "የማን መኪና ነው?" እየተባለች ስትለማመጥም አይቻለሁ። ግን ሌላው ወረቀት ሁሉ ከስሙ በፊት "ሟች" ይላል። ሊብሬው ላይ ብቻ "ባለቤት" ይላል።

ያን ቀን እቤት እንደገባሁ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ አነበበችው፤ የወጣበትንም ቀን አየችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እማዬ፣ እኔም ጃኬቱን እስካሁን አላጠብኩትም" አለችኝ።

ሰኞ ሁለታችን የመኪና መዝገብ ቤት ሄድን። መኪናው ለሷ ቢሆን እንደማልቃወም መፈረም ነበረብኝ። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት። "እዚህ ጋ፣ የሟች እናት ከሚለው ፊት ለፊት ይፈርሙ" አለችኝ። ፊርማዬን ታውቂዋለሽ፣ ፊደል በፊደል ነው። ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ሳለ አላጣደፈችኝም። ከዚያ ሊብሬውን ገልጣ ማስመሪያ አወጣች። ስሙን ልትሰርዝ መሆኑ ሲገባኝ እጇን ያዝኳት።

"ልጄ፣ ቀጭን አድርጊው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ብዕሯን አስቀምጣ ከመሳቢያዋ ጫፉ ቀጭን የሆነ ሌላ ብዕር ፈልጋ አወጣች፣ ቀስ ብላ አሠመረች። ከሥሩ የምራቴን ስም ጻፈች። መስመሩ እንደ ፀጉር ነው፤ የሱም ስም ይነበባል።

ሽቦም ከአንድ ሚኒባስ የወረዱ፣ ገና ያላለቁ አራት ጎማዎች አገኘልን። ዛሬ ጠዋት መኪናው ድጋሚ ተመርምሮ ቦሎው ተለጠፈ፤ ምራቴ አሁን አንሶላ ልታደርስ ሄዳለች።

የምስክር ወረቀቱን ኮፒ ከዚህ ጋር አጥፌልሻለሁ። ስትችዪ ክፈቺው፣ ካልቻልሽም እንደታጠፈ አስቀምጪው። የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ። በሄድሽበት የሚገጥምሽ ሰው ያቺን ጸሐፊ ይምሰል።

የሁለታችሁም እናት