ሰሊጡ ደረሰ የሚል ማን ነው?

ነሐሴ 18

ሲዘንብ አደረ። ዋልካው ጫማ ያወልቃል። ሰሊጡ አበባ ላይ ነው፣ አረም ግን ገብቶበታል። ልጄ ለይኩን "ቆንጆ ነው አባባ" ይላል። ለእሱ ምን ቆንጆ ያልሆነ ነገር አለ?

ቁርስ ላይ ሦስት ጊዜ ትራስ አመጡልኝ። ወንበር ላይ ቁጭ ላለ ሰው ትራስ! ሦስተኛውን ለውሻው አነጠፍኩለት። ውሻው ተመችቶታል።

ነሐሴ 21

የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ ገብረማርያም ሊጠይቀኝ መጣ። "እንዴት ነህ? በርትተሃል ማለት ነው?" አለኝ። አጠያየቁ ውስጥ ወቀሳ አለ።

ይገባኛል። በየካቲት ሐኪሙ አንጀቴ ላይ ካንሰር አለ ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ተዝካሬ ነበር። ለይኩን ቢደግስ ጠላው ይቀጥናል፣ ወጡ አይዳረስም። ልጄን አላመንኩትም። ስለዚህ በቁሜ ተዝካሬን አወጣሁ። ሁለት በሬ ተጣለ። ካህናቱ ጸለዩ፣ አገሩ በላ፣ ጠጣ፣ አለቀሰ። በማግስቱ መሬቱን በሽማግሌ ፊት ለለይኩን ሰጠሁ። ከዚያ ጎንደር ወጥቼ ያንን መድኃኒት ስድስት ዙር በደም ሥሬ ወሰድኩ።

አልሞትኩም። አሁን የበላ ሁሉ ሲያየኝ የተታለለ ይመስለዋል።

"ግሩም ድግስ ነበር" አለ ገብረማርያም ሲወጣ። "የቀረው የእግዜር ሥራ ነው።"

እግዜር ዘገየ ማለቱ ነው?

መሬቱን ስሰጥ ግን አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ሰሊጡ ደረሰ የምለው እኔ ነኝ። ያለ እኔ ቃል ማጭድ አይነሳም። ሽማግሌዎቹ ጽፈው ፈርመውበታል። ቀድመው ቢያጭዱት ፍሬው ይቀጭጫል። ቢያዘገዩት ግንዱ ላይ ያለው የፍሬ ከረጢት ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። መካከሉ አራት አምስት ቀን ብትሆን ነው። በሃያ ስምንት ዓመት ያቺን ቀን አንድ ጊዜም አልሳትኳትም። ከታች ካለው ከረጢት ፍሬ አውጥቼ በሁለት ጣቴ አሻለሁ። ቅባቱ ይነግረኛል። ቀያችን ኮኪት ውስጥ ይህ ጣት ያለው ሌላ ሰው የለም።

ነሐሴ 26

ከሚስቴ ከአሰበች ጋር በሸሚዝ ተጣላን። "አንቱ ሰውዬ፣ ግማሽ ቀን ሆነዎት እኮ! ያምጡ ልቆልፈው።" ሚስት ባሏን እንደ ሕፃን ስታለብስ... አይሆንም አልኩ። የዘንድሮ ሸሚዝ ቀዳዳው ይጠባል። ሳልቆልፈው ዋልኩ።

ከሰዓት ደግሞ ሻይ ስይዝ ጮኸች። ብርጭቆው የፈላ ነው አለች። አውራ ጣቴ ውሃ ቋጥሯል። እኔ አልተሰማኝም። የገበሬ እጅ ጠንካራ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ጳጉሜን 2

ጎንደር ለምርመራ። ሐኪሙ በዕድሜ ከለይኩን ያንሳል።

"አባት፣ ጣትዎን ይደነዝዝዎታል?"

"አይ።"

"ቁልፍ መቆለፍ፣ ትንሽ ነገር ማንሳት አያስቸግርዎትም? ከመድኃኒቱ የሚመጣ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ይታያል። ቀስ እያለም ሊሻል ይችላል።"

"ብዙ ሰው ሌላ ነው፣ እኔ ሌላ ነኝ።"

ጻፈ። ምን እንደጻፈ ገልብጬ ላነብ ብሞክር የሐኪም ጽሕፈት ነው። በመጨረሻ እጄን ጨብጦ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ሁለተኛ ዕድል አገኙ" አለኝ። የመጀመሪያውን መቼ ጨረስኩና?

መስከረም 6

መተማ ዮሐንስ ላይ "ከካንሰር ላገገሙ ወገኖች" ስብሰባ ብለው ጠሩኝ። ወገኖቹ ሁለት ነን። ሌላው ስብሰባውን ያዘጋጀው ሰውዬ አጎት ነው።

ቆብ ሰጡን። አንድ ወጣት ተነሥቶ ከወረቀት አነበበ። "እያንዳንዱን ቀን እንደ መጨረሻ ቀንዎ ይኑሩት።" አጨበጨቡ። እጄን አወጣሁ።

"ልጄ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ከሆነ ሰሊጡን የሚያርመው ማነው?"

ወረቀቱን አገላበጠ።

ውጭ ሐሚዳ አለች፣ የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ከገላባት ድንበሩን ወዲህ ተሻግራ ሻይ የምትሸጠው። "አቡ ለይኩን! ሞቱ ብለውኝ ነበር!"

"አልሞትኩም።"

"ኸላስ፣ በቃ። እንግዲያው ይቀመጡ፣ ሻይ ይጠጡ።"

ከሐኪሙም ከወረቀት አንባቢውም የተሻለ ምክር። ተቀምጬ ጠጣሁ።

መስከረም 20

አጫጆቹ ገቡ። ሃያ ሁለት ናቸው፣ አለቃቸው ቢሻው የሚባል ጎጃሜ። ምላሱ ስለታም ነው፣ ማጭዱም እንደዚያው ከሆነ ደግ ነው።

መስከረም 24

ማሳውን ዞርኩ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ግን ቅጠል ይዋሻል። ከረጢት ፈልፍዬ ፍሬ አሸሁ። ቅባት የለውም። ምንም የለውም።

"አልደረሰም" አልኩ። የለይኩን ሚስት ሮዳስ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። የሳንጃ ልጅ ናት። የሳንጃ ሰው ስለ ሰሊጥ ምን ያውቃል?

መስከረም 26

ጎረቤት ሁሉ ማጨድ ጀመረ። አሳዘኑኝ። ችኩሎች።

ሃያ ፍሬ አሸሁ። አሁንም ምንም። ዘንድሮ ሰሊጡ ምን ነካው? ዘሩ ይሆን? ዝናቡ? ለይኩን የመረጠው ዘር እንደሆነ ጥርጥር የለኝም።

መስከረም 28

ቢሻው መጣ። "አባቴ፣ ቁጭ ብለን ስምንት ቀናችን። እኛ ለመብላት አይደለም የመጣን። ባለ ማሳው ሁሉ ይጠራናል። እስከ ነገ ወዲያ ማጭድ ካልያዝን እንሄዳለን።"

"ሂዱ።"

"ኧረ እንሄዳለን! ግን ይንገሩና፣ ሰሊጡን ለማን ነው የሚያቆዩት? ለወፍ ከሆነ ወፉ ደርሷል።"

ሳቁ። ለይኩን አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። "አባባ፣ እነዚህ ከሄዱ በዚህ ሳምንት ሌላ አጫጅ አናገኝም" አለኝ። አውቃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የቤቱ ቀለብ ያ ማሳ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ነው መሳት የሌለብኝ።

ግን ፍሬው ለምን ዝም ይለኛል?

መስከረም 29

ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ሮዳስ ማሳው ጫፍ ላይ ብቻዬን አገኘችኝ።

"አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።"

"ምን ልሁን ብለሽ?"

"ለእኔ ሲሉ።"

ጨፈንኩ። እጄን ይዛ ሁለት ጣቴን ገጠመችው። "ይሹት። የደረሰ ነው ወይስ ያልደረሰ?"

አሸሁ። ጊዜ ወሰድኩ። እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ያልደረሰ" አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ጣቴ መሃል ምንም የለም። መሬት ላይም የወደቀ የለም። ምንም አላስቀመጠችም ነበር።

ባዶ አየር አሽቼ "ያልደረሰ" ብዬ ፈረድኩ።

አልሳቀችም። ቢስቁብኝ እንዴት እንደምቆጣ አውቅበታለሁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን ከአንድ ግንድ ሥር ዘርግታ በቀስታ ነቀነቀችው። ፍሬው እንደ ዝናብ ወረደ።

"ከነሐሴ ጀምሮ አውቃለሁ" አለች። "እጅዎ ሲቃጠል እንኳ አልሰማዎትም። ለለይኩንም አልነገርኩ። ነገ ጠዋት 'ደረሰ' ይበሉ፣ አበቃ። ከእኔ አይወጣም።"

ቀላል ነው። አንድ ቃል። ማንም አያውቅም፣ ጣቴም ክብሩን እንደያዘ ይኖራል። ለሐኪሙ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ሁለተኛው ይከብዳል?

ይከብዳል። ልጄን ለአንድ ውሸት በዱላ የመታሁ ሰው ነኝ። ዱላው ለእሱ ብቻ ነበር እንዴ?

መስከረም 30

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አጫጆቹ ጓዛቸውን ያስራሉ። ለይኩን ይለምናቸዋል። ሮዳስ ውሃ ይዛ ቆማለች።

"ስሙ!" አልኩ። "ሰሊጡ ይድረስ አይድረስ እኔ አላውቅም። መድኃኒቱ ጣቴን አደንዝዞታል። ይህን ያህል ቀን ያቆየኋችሁ አውቄ አይደለም፣ አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነው።"

ለይኩን አፉን ከፍቶ ቀረ። ሕይወቱን ሙሉ ይህን ቃል ከእኔ ሰምቶ አያውቅም፣ እኔም አልሰማሁም።

"ሮዳስ" አልኩ። "ምን ትያለሽ?"

ውሃውን አስቀመጠች። "ከምሥራቁ ይጀመር። እሱ እየረገፈ ነው። ምዕራቡ ሁለት ቀን ይታገሣል።"

ቢሻው ጓዙን ጣለ። "አባቴ፣ ለዚች ቃል ነው እንዴ አሥር ቀን ያስቀመጡን?"

"ለዚች ቃል ሰባ አንድ ዓመት ፈጅቻለሁ። ያንተ አሥር ቀን ምን አላት? እጨድ!"

አጨዱ።

ጥቅምት 2

የምሥራቁ ዳር ሢሦው ረግፏል። በእኔ የተነሣ ነው። እንዲህ ብዬ እዚህም እጽፈዋለሁ። የቀረው ታስሮ ሂላ ሂላ ሆኖ፣ ነዶው እየተደጋገፈ፣ ቆሟል፣ ፀሐይ እየመታው ይደርቃል። ለይኩን "ይበቃናል አባባ" አለኝ። "ቆንጆ ነው" አላለም። ልጁ እየበሰለ ነው።

ጥቅምት 4

በስልክ ሐኪሙን አገኘሁት። "ጣቴ ይደነዝዛል" አልኩት። "ከመቼ ጀምሮ?" "ከጠየቅኸኝ ቀን በፊት ጀምሮ።" ሳቀ። ቀጠሮ ሰጠኝ።

ጥቅምት 9

ገብረማርያም ዘግይቶ ዘርቶ ነበር። "ና እይልኝ፣ ደርሷል?" ብሎ መጣ።

"አላውቅም። ሮዳስን ጠይቃት።"

"ሴት ልጅ? ያውም የሳንጃ?"

"ያውም የሳንጃ።"

ቆመ፣ አሰበ፣ ቆቡን አውልቆ ወደ ጓሮ ዞረ። "እሜቴ ሮዳስ" ሲል ሰማሁት። የቅሬ ዳኛ! አሰበች እስክትታጠፍ ሳቀች።

ሲሄድ ሮዳስን ጠራኋት። በጣትሽ ሳትነኪው እንዴት ታውቂያለሽ አልኳት። በዓይን ነው አለች። የግንዱ ቀለም፣ የታችኛው ከረጢት ጫፍ፣ ነፋስ ሲመታው የሚሰጠው ድምፅ። ዓይንና ጆሮ ደግሞ አለኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ብቻዬን፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ። አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም። ማንም "እንዲህ አይደለም" ብሎኝ አያውቅም።

"ነገ ጠዋት ነይና አሳዪኝ" አልኳት።

"እርስዎ ይምጡ እንጂ" አለች። "የገብረማርያም ማሳ እዚያ ነው፣ ገና አልታጨደም።"

እሄዳለሁ።